ትንሽ መኪና በጎንደር ክረምት፦ ከግንቦት ዝግጅት እስከ መስከረም ፍተሻ

ጎንደር ላይ ቪትዝ፣ አልቶ ወይም አቶስ የምትነዱ ሰዎች ሰኔ ሲገባ ከየአቅጣጫው የምትሰሙት ምክር አንድ ነው፦ «ይቺን እስከ መስቀል አቁማት፤ ባጃጅ ይሻልሃል።» እኔ በዚህ አልስማማም። ትንሽ መኪና ሐምሌና ነሐሴን በደንብ ትወጣዋለች። ችግሩ የሚመጣው እንደ ላንድክሩዘር ልንዳት ሲባል ነው። ይቺ መኪና ጎበዝ የምትሆንበት ቦታ አለ፤ አደገኛ የምትሆንበት ቦታም አለ። ዳገቱና ጭቃው ከሚታሰበው በላይ ይቀልላታል። ውሃው ግን ከሚታሰበው በላይ ይከብዳታል። አብዛኛው ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ መፍራት ያለበት ግን ጎርፉን ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የጻፍኩት ይህን ልዩነት ይዤ ነው።

መጀመሪያ መኪናችሁን እወቋት

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ደግሞ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በወረቀት ላይ 70 የፈረስ ጉልበት የተጻፈላት ባለ 1,000 ሲሲ መኪና እዚህ ወደ 55 ትወርዳለች ማለት ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ ስትደክም ሁልጊዜ ታማለች ብላችሁ ጋራዥ አትሩጡ።

ጥሩው ነገር ደግሞ ይሄ ነው። እነዚህ መኪኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚጎተቱት በፊት ጎማ ነው። ሞተሩ የተቀመጠውም እዚያው ፊት ጎማው ላይ ነው። ክብደቱ የሚጎትተውን ጎማ ተጭኖ ይይዘዋል። ጎማቸውም ቀጭን ስለሆነ ክብደቱ በጠባብ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ስስ ጭቃና ውሃን ሰንጥቆ ወደ ጠንካራው መሬት ይደርሳል። በአውሮፓና በጃፓን በረዶ ላይ ትንንሽ የከተማ መኪኖች ጥሩ ስም ያተረፉት በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ ጋ በረዶ ተኝቶ አይከርምም፤ ግን ጭቃ በለበሰ ኮብልስቶን ላይም ነገሩ አንድ ነው።

መጥፎው ነገር ከሥር ነው። ከመሬት እስከ ሆዷ ያለው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 17 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አራት ሰው ሲጫን ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ቸርኬዋም 12፣ 13 ወይም 14 ኢንች ነው። ትልቅ ጎማ አልፎት የሚሄደው ጉድጓድ ውስጥ ትንሹ ጎማ ዘው ብሎ ይገባል። ከሁሉ በላይ ቀላል ናት። ይህ ቅለቷ ጭቃ ላይ ውለታ ይውላል፤ ጎርፍ ላይ ግን ሊያስወስዳት ይችላል። ወደዚያ እመጣለሁ።

ደረጃ 1፦ ጎማ፣ በግንቦት

ለክረምት አንድ ነገር ብቻ ለመሥራት ገንዘብ ካላችሁ ጎማ ላይ አውሉት። ቀለሙም ሬዲዮኑም ይቆይ።

ማስመሪያ ወስዳችሁ የጎማውን ቦይ ጥልቀት ለኩ። አዲስ ጎማ 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይኖረዋል። ቦዩ ውስጥ ብድግ ያሉ ትንንሽ የጎማ ድልድዮች አሉ። የጎማው ገጽ ከእነሱ ጋር እኩል ሲሆን 1.6 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፤ ጎማው አልቋል ማለት ነው። እኔ ግን ለጎንደር ክረምት 1.6 እስኪደርስ መጠበቅን አልመክርም። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ ውሃ የማስወጣት አቅሙ በጣም ስለሚቀንስ ያኔ ቀይሩት። ሳይቃጠል በቅጠል።

ቀጥሎ ዕድሜውን ተመልከቱ። ከጎማው ጎን «ዶት» (DOT) ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አለ። መጨረሻው ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቦዩ ጥልቅ ሆኖ ጎማው ግን ያረጀና የደረቀ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው እርጥብ አስፋልት ላይ እንደ ፕላስቲክ ይንሸራተታል። ያገለገለ ጎማ ስትገዙ ይህን ቁጥር ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ። የበረዶ አገር የክረምት ጎማም አንዳንዴ በሽያጭ ላይ ይገኛል። ጎማው ለስላሳ ነው፤ የተሠራው ለብርድ ስለሆነ በበጋ በሞቀ አስፋልት ላይ ቶሎ ይበላል። ኤም እና ኤስ (M+S) የሚል ምልክት ያለው የዓመት ሙሉ ጎማ ለእኛ በቂ ነው።

ሁለት ጎማ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ የት ይገጠም? ብዙ ሰው «ፊት ነው የምትጎትተው፣ ፊት ይሁን» ይላል። የጎማ አምራቾች ምክር ግን ከኋላ እንዲሆን ነው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ፊቷ ቢንሸራተት ነዳጁን ለቅቃችሁ ትመልሷታላችሁ። ኋላዋ ቁልቁለት ላይ ካመለጠ ግን ትዞራለች፤ ያኔ ልምድ ያለው ሹፌርም ይቸገራል።

ነፋሱን በሹፌር በር ክፈፍ ላይ በተለጠፈው ወረቀት መሠረት ሙሉ። ለአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች 30 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። «ለዝናብ ትንሽ እናስተንፍሰው» የሚለውን አትስሙ። ነፋስ ያነሰው ጎማ መሃሉ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ውሃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል። ጎሚስታው ጋ እያላችሁ ስኮርታውንም (መለዋወጫ ጎማውንም) አስነፉ። ብዙ ሰው ስኮርታው ባዶ መሆኑን የሚያውቀው በሚያስፈልገው ቀን ነው። በዚያው ክሪኩንና መጎተቻ ቀለበቱን አውጥታችሁ እዩ። በትንንሽ መኪኖች ላይ የመጎተቻው ቀለበት ብዙ ጊዜ ተፈትቶ ከስኮርታው ጋር የሚቀመጥ፣ ሲያስፈልግ ፊት መከላከያው ላይ በጥርስ የሚገባ ብረት ነው። ያገለገለ መኪና ከገዛችሁ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። እሱ ከሌለ መኪናዋን የሚጎትት ሰው ያገኘውን ነገር ነው የሚያስረው፤ ያኔ ወይ መከላከያው ይነቀላል ወይ የመሪው ዘንግ ይጣመማል።

ደረጃ 2፦ መጥረጊያ፣ መብራት፣ ባትሪ፣ ጎሚኒ

ይህ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። የዝናብ መጥረጊያው በበጋው ፀሐይ ደርቋል፤ ቀይሩት። መብራቶቹን ሰው ከኋላ አቁማችሁ ፈትሹ፦ የፍሬን መብራት፣ ፍሬቻ፣ የኋላ መብራት። በጎንደር የከሰዓት ዝናብ ውስጥ ግራጫ ቀለም ያላት ትንሽ መኪና ከአይሱዙ ጋቢና ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የለችም ማለት ይቻላል። ዝናብ ሲጥል ቀንም ቢሆን መብራት አብሩ።

ባትሪው በክረምት ይበደላል። መብራት፣ መጥረጊያና የመስታወት ማሞቂያ አብረው ይሠራሉ፤ ከፒያሳ ማራኪ የምትሄዱት አጭር መንገድ ደግሞ የወጣውን ለመተካት አይበቃም። የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት ከተጋገረ በሙቅ ውሃና በሶዳ ታጥቦ ግሪስ ይቀባ። የዲናሞውን ቺንጊያ (የሚያዞረውን ቀበቶ) እዩት። እርጥበት ላይ የሚጮህ ከሆነ ላልቷል ወይም አልቋል። አሮጌ መኪና ከሆነች የካንዴላ ገመዶቹን ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ከፍታችሁ ተመልከቷቸው። ሞተሩ እየሠራ ሰማያዊ ብልጭታ ከገመዱ ላይ ካያችሁ ሐምሌ ላይ በእርጥበት ጠዋት እየተንገጫገጨች አልነሳም ትላችኋለች። በእጅ ግን አትንኩ።

የበሮቹን ጎሚኒ (የዳሩን ላስቲክ) እና ከመስታወቱ ሥር ቅጠል የሚጠራቀምበትን ቦይ አጽዱ። እሱ ሲደፈን ውሃው ጋቢና ውስጥ ነው የሚወርደው።

ደረጃ 3፦ ፍሬን

የፍሬን ሸራው ስንት እንደቀረው አሳዩ። የፍሬን ዘይቱ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ይቀየር፤ ዘይቱ እርጥበት ይስባል። የእጅ ፍሬኑን ዳገት ላይ ሞክሩት። ጎንደር ውስጥ ሜዳ ላይ ማቆም የሚቻልበት ቦታ ብዙ አይደለም፤ የእጅ ፍሬን የሌላት መኪና እዚህ መንዳት ትርጉም የለውም። ስታቆሙ በማርሽ አቁሙ፣ መሪውን ወደ ጠርዙ አዙሩ። ድንጋይ ካስደገፋችሁ ስትሄዱ አንሱት። መንገድ መሃል የተተወ ድንጋይ ማታ በዝናብ አይታይም፤ ከኋላችሁ የምትመጣዋን ትንሽ መኪና ሆዷን ይመታዋል።

ደረጃ 4፦ ከኋላ የሚያዝ ዕቃ

የመጎተቻ ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ ቦት ጫማ፣ ትንሽ አካፋ፣ ያረጀ የጎማ ምንጣፍ ሁለት፣ ደረቅ ጨርቅ፣ የባትሪ ማስነሻ ኬብል። ከዚህ በላይ አትጫኑ። በተለይ ከባድ ነገር ከኋላ አታስቀምጡ። ምክንያቱ ቀጥሎ ያለው ነው።

ደረጃ 5፦ ዳገት

የፊት ጎማ የምትጎትት መኪና ዳገት ስትወጣ ክብደቷ ወደ ኋላ ይሄዳል። የሚጎትተው ጎማ ይቀልለዋል። ለበዓል አንድ ኩንታል ጤፍ ከኋላ ጭናችሁ፣ ሦስት ሰው የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ እርጥብ ኮብልስቶን ስትወጡ ጎማው የሚሽከረከረው ለዚህ ነው። ጉልበት አላነሳትም፤ መሬቱን የምትጨብጥበት ክብደት ነው ያነሳት። ከባዱን ሰው ፊት አስቀምጡ። ጤፉን በሁለት ዙር አምጡት፣ ካልሆነም ባጃጅ ያምጣው።

ወደ ጎሃ ሆቴል እንደሚያወጣው ያለ ዳገት ሲገጥማችሁ ከታች ሳላችሁ ቁሙና ወደ ላይ እዩ። ከላይ የሚወርድ መኪና አለ? መሃል ላይ የቆመ ባጃጅ አለ? አህያ የሚነዳ ሰው አለ? መንገዱ እስኪጠራ ጠብቁ። እርጥብ ዳገት መሃል ላይ ቆሞ እንደገና መነሳት ነው ከባዱ፤ ሳይቆሙ መውጣት ቀላል ነው። ከዚያ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ጀምራችሁ እስከ ጫፍ በዚያው ውጡ። መሃል ላይ ማርሽ አትቀይሩ። ነዳጁን እኩል አድርጋችሁ ያዙት። አውቶማቲክ ከሆነች ከ«ዲ» አውጥታችሁ «ኤል» ወይም «2» ላይ አድርጉ፤ ያለዚያ ራሷ መሃል ላይ ማርሽ ትቀይርባችኋለች።

ጎማው መሽከርከር ከጀመረ ነዳጅ መጨመር አይጠቅምም። ትንሽ ልቀቁላት። ጎማው ራሱ መሬቱን መልሶ ይይዛል። ካልያዘ ፍሬን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ውረዱ። መሪ አትጠምዝዙ፤ ዳገት ላይ ጎኗን የሰጠች መኪና ትንሸራተታለች።

ብዙ ሰው የማያውቀው ዘዴ ደግሞ አለ። አጭርና ሰው የሌለበት ዳገት አልወጣ ካለ ዞራችሁ በኋላ ማርሽ ውጡት። ያኔ የሚጎትተው ጎማ ከታች በኩል ይሆናል፤ ክብደቷም በሙሉ እሱ ላይ ያርፋል። በፊቷ ስትሞክር እምቢ ያለችውን ዳገት ብዙ ጊዜ በዚህ ትወጣዋለች። ከኋላ አይቶ የሚመራችሁ ሰው ይኑር፤ ልጆች ከአካባቢው ይራቁ። ዋና መንገድ ላይ ግን ፈጽሞ አይሞከርም።

ደረጃ 6፦ ቁልቁለት

እዚህ ላይ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በግምት በ9 ሜትር ትቆማለች። እርጥብ አስፋልት ላይ ወደ 16 ሜትር ይሄዳል። ጭቃ በለበሰ ኮብልስቶን ላይ 25 ሜትር ይደርሳል። መንገዱ 10 በመቶ ቁልቁለት ከሆነ ደግሞ ከ40 ሜትር ያልፋል። ይህ እግራችሁ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ የምትሄደውን ከ10 ሜትር በላይ መንገድ ሳይጨምር ነው። ፍጥነቱን ወደ 20 ብታወርዱት ግን ያ ሁሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የማቆሚያው ርቀት በአራት እጅ ይቀንሳል። በመኪናዋ ላይ ምንም ገንዘብ ሳታወጡ የምታገኙት ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

ስለዚህ ከመውረዳችሁ በፊት፣ ገና ሜዳው ላይ ሳላችሁ፣ ማርሽ ቀንሱ። በሁለተኛ ወይም በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ይያዛት። ፍሪሲዮን ረግጦ ወይም ዜሮ አድርጎ ቁልቁለት መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉ አሉ። አይቆጥብም፤ በዝናብ ቀን ደግሞ ነፍስ ያስከፍላል። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው መሣሪያ) የሌላት መኪና ከሆነች ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርጉ። ጎማው ከተቆለፈ መሪው አይታዘዝም። ኤቢኤስ ካላት ግን አጥብቃችሁ ርገጡና አትልቀቁ፤ ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ቢንቀጠቀጥ አትደንግጡ፣ ሥራውን እየሠራ ነው።

ከሁሉ የሚያንሸራትተው ትልቁ ዝናብ አይደለም። ከድርቅ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ካፊያ ነው። በአስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይት፣ አቧራና የእንስሳት እበት አብሮ ይቦካል። ትልቁ ዝናብ ቢያንስ አጥቦ ይወስደዋል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ካፊያ ሲጀምር በጣም ተጠንቀቁ።

ደረጃ 7፦ ጎርፍና የተኛ ውሃ

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ለትንሽ መኪና ይህ በቀጥታ እውነት ነው። ሂሳቡን እንሥራው። የአንዲት ትንሽ መኪና ወለል በግምት 3 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል ነው፤ 5 ካሬ ሜትር ገደማ። ውሃው ከወለሏ በላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ሲወጣ 500 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋታል። አልቶን የመሰለች መኪና ባዶዋን 700 ኪሎ ብትመዝን ነው። ወለሏ ደግሞ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ውሃው 30 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ማለትም ከጉልበት በታች እያለ፣ ጎማዋ መሬት መልቀቅ ይጀምራል። ውሃው የሚሄድ ከሆነ ይዟት ይሄዳል። እዚያው ቦታ ላይ ሰው በእግሩ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ እሱን አይታችሁ አትግቡ።

ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው። የሚፈስ ውሃ ከሆነና የመንገዱን ጠርዝና ወለል ማየት ካልቻላችሁ አትግቡ። የተኛ ውሃ ከሆነ ከጎማው ግማሽ በታች፣ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ፣ ቀስ ብሎ ማለፍ ይቻላል።

እንዴት ይለካል? ቦት ጫማችሁን አድርጉ፤ እንጨት ያዙ። የቆመ ውሃ ከሆነ እየነካካችሁ እለፉበት። የምትፈልጉት ጥልቀቱን ብቻ አይደለም፤ ክዳኑ የተነሳ ቱቦንም ነው። ከጠርዙ በኩል ውሃው ክብ እየሠራ ወደ ውስጥ የሚሽከረከርበት፣ ወይም አረፋና ቆሻሻ አንድ ቦታ ላይ የሚሰበሰብበት ካለ ከሥሩ ክፍት ጉድጓድ አለ። 13 ኢንች ጎማ እዚያ ከገባ በክሪክ አይወጣም። መንገዱን የማታውቁት ከሆነ በር ላይ የተጠለሉትን አዛውንት ጠይቁ፦ «አባባ፣ እንደኛ ያለች ትንሽ መኪና አልፋለች?» ቃሉን ልብ በሉ። «መኪና አልፏል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ አይሱዙ አይተው «አዎ ልጄ፣ እለፍ» ይሏችኋል።

ከገባችሁ በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩን ከፍ አድርጋችሁ፣ በእግር ሰው ፍጥነት ሂዱ። ፊት ለፊት ትንሽ ማዕበል ይኑር እንጂ ኮፈን ላይ አይርጭ። ከፊታችሁ ትልቅ መኪና ካለ እስኪወጣ ጠብቁ፤ የእሱ ማዕበል የእናንተን ሞተር ሊደርስ ይችላል። የአየር ፊልትሮው መሳቢያ በብዙ ትንንሽ መኪኖች ላይ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። የት እንዳለ ኮፈን ከፍታችሁ በበጋ እዩት። ውሃ ሞተር ውስጥ ከገባ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ ይታጠፋል። ስለዚህ መሃል ላይ ከጠፋችባችሁ ደግማችሁ አታስነሷት። ይህ ከሁሉም ምክር ይበልጣል። ገፍታችሁ አውጡ፣ ካንዴላዎቹን አስፈትታችሁ ውሃው ይውጣ፣ ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ እንደሆነ ይታይ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ቁልፍ የሚዞረው።

ከወጣችሁ በኋላ ትንሽ ሄዳችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ በቀስታ ያዙት። እስኪደርቅ አይዝም። በተለይ የኋላው ከበሮ ፍሬን ውሃና ደለል ይዞ ይቆያል።

ደግነቱ ጎንደር በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መሃል ባለ ጉብታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ውሃው በፍጥነት ይመጣል፤ በፍጥነትም ወርዶ ወደ መገጭ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት መጠበቅ ችግሩን ይፈታዋል። አንድ ቦታ ገብታችሁ ቡና ጠጡ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ጉዳያችሁን ጠዋት መጨረስ ነው። የደጋው ዝናብ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ነው የሚከብደው።

ደረጃ 8፦ ዋልካ

ከኮብልስቶኑና ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ወደ ጥቁር አፈር ከገባችሁ ስለ ቀጭን ጎማ የተናገርኩት ሁሉ ይቀየራል። ዋልካ ሲርስ ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ ቦዩን ይሞላል፣ ፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ) ሞልቶ ጎማውን ያስረዋል። ከሥሩ ጠንካራ መሬት የለም። ምክሬ አጭር ነው፦ አትግቡ። አስፋልቱ ላይ አቁማችሁ በእግር ሂዱ። ዘመድ ቤት ለቅሶ ቢሆንም በእግር መሄድ ነውር አይደለም።

ከተያዛችሁ ግን ነዳጅ አትርገጡ። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ይቆፍራል፤ ሆዷ መሬት ከነካ አለቀ። ወርዳችሁ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ጭቃውን በአካፋ ክፈቱ። የጎማ ምንጣፉን ከሚጎትቱት ሁለቱ የፊት ጎማዎች ሥር አስገቡ። መሪውን ቀጥ አድርጉ። በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ። ካልሆነ አንደኛና ኋላ ማርሽ እያፈራረቃችሁ አወዛውዟት፤ እያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። እዚህ ላይ ቅለቷ ውለታ ይውላል። አራት ጎረምሳ ሊያወጣት ይችላል። ገፊዎቹ መከላከያውን ሳይሆን ጠንካራውን አካሏን ይያዙ። ከሚሽከረከር ጎማ ፊትም ሆነ ኋላ ማንም አይቁም፤ ምንጣፉ ተወርውሮ ይወጣል።

መስታወቱ ሲደበዝዝ

ይህን ትንሽ ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት። አራት ሰው፣ እርጥብ ጋቢ፣ የረጠበ ጃንጥላ በጠባብ ጋቢና ውስጥ ሲሆን መስታወቱ በአፍታ ይሸፈናል። በእጅ መጥረግ ቅባት ስለሚቀባው ያባብሰዋል። ኤሲ ካላት አብሩት፤ ሙቀቱን ደግሞ ከፍ አድርጉ። ኤሲ አየሩን ያደርቀዋል፤ ለብርድ ጊዜ አይሆንም የሚለው አባባል ልክ አይደለም። የውስጡን አየር የሚያዞረውን ቁልፍ ዝጉት፣ ከውጭ አየር ይግባ። ኤሲ ከሌላት ማሞቂያውን ወደ መስታወቱ አድርጋችሁ የሁለት ወገን መስኮት አንድ ጣት ያህል ክፈቱ። ቤት ውስጥ መስታወቱን በንጹሕ ጨርቅ አጽድታችሁ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ቀብታችሁ እስኪጠራ በደረቅ ጨርቅ ብትፈገፍጉት ለጥቂት ቀናት ያግዛል። ወለሉ ላይ ያለውን ምንጣፍ እያወጣችሁ አድርቁ፤ ጭጋጉ ከእሱም ይመጣል።

ከከተማ ስትወጡ

ወደ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ከጎንደር ይበልጥ ከፍ ወዳለው የወገራ ደጋ ይወጣል። ሞተሩ ከጎንደር ይልቅ እዚያ ይደክማል። ጉም ሲወርድ ረጅም መብራት አታብሩ፤ ጉሙ ላይ አርፎ ወደ ዓይናችሁ ይመለሳል። አጭር መብራትና፣ ካለ፣ ዝቅ ያለ ፓውዛ ይበቃል። በረዶ ከጣለና መንገዱ ነጭ ከሆነ ከፈረንጅ አገር ክረምት ጋር የምንገናኝበት ሰዓት ያ ነው። ክብ ክብ በረዶ ጎማ ሥር ይንከባለላል፤ ፍሬን፣ መሪና ነዳጅ ሁሉም በእርጋታ መሆን አለባቸው። የምትችሉ ከሆነ ጥግ ይዛችሁ ፍሬቻ አብርታችሁ ጠብቁ። ከፀሐይ ጋር ቶሎ ይቀልጣል። ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን መውረድ ግን በነሐሴ ጉም በትንሽ መኪና የሚሞከር መዝናኛ አይደለም፤ የግድ ከሆነ ጠዋት ረፋድ ላይ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ከደባርቅ ሹፌሮች ጠይቃችሁ ብቻ።

ወደ ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልቱ ጥሩ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ከአዲስ ዘመን በኋላ ያለው የፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ ወንዞች ሙላት የሚጥለቀለቅ አገር ነው። ሜዳው ላይ ፍጥነት ይጨመራል፤ አስፋልቱ ላይ የተኛ ስስ ውሃ ደግሞ በፍጥነት ላይ ያለች ቀላል መኪናን ያንሳፍፋታል። መሪው ድንገት ከቀለለባችሁ ጎማው ውሃ ላይ ወጥቷል። ፍሬን አትያዙ፣ መሪ አታዙሩ። ነዳጁን ብቻ ልቀቁና ጎማው መሬት እስኪነካ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ።

በኤሌክትሪክ የምትሄድ ከሆነች

ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች በየከተማው እየበዙ ነው። ከፍታው ጉልበታቸውን አይነካውም፤ ዳገት ይወዳሉ። ግን የነዳጅ ፔዳል የምንለውን ገና ስትነኩት ጉልበቱ በሙሉ ይመጣልና እርጥብ ኮብልስቶን ላይ እግራችሁን አለስልሱ። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ስትለቁ ራሷ የምትይዝበትን መጠን ወደ ዝቅተኛው አድርጉ፤ ፊቷን ብቻ ጎትቶ ሊያንሸራትታት ይችላል። ባትሪው ከወለሉ ሥር ነው። የታሸገ ቢሆንም ድንጋይ ከመታው ጥገናው ውድ ነው፤ ስለዚህ ለጎርፍ የተናገርኩት 15 ሳንቲ ሜትር ለእሷም ይሠራል።

መስከረም ላይ

መስቀል ሲያልፍ መኪናዋን ከሥሯ አሳጥቧት፤ ፓራፋንጎ ውስጥ የደረቀ ጭቃ እርጥበት ይዞ ብረት ይበላል። የኋላውን ከበሮ ፍሬን አስከፍታችሁ ደለሉን አስወጡ። ኩሽኔታዎቹን (ጎማው የሚሽከረከርባቸውን ባለ ኳስ ቀለበቶች) አስፈትሹ፤ ውሃ የገባበት ኩሽኔታ ሲሄዱ ያጉረመርማል። የአየር ፊልትሮውን ቀይሩ፣ የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ማንጠልጠያ እዩ፣ የጎማ አሰላለፉን አስተካክሉ። ዘይት የምትቀይሩበት ጊዜ ከቀረበ አሁኑኑ ይሁን። የዝናብ መጥረጊያውን ግን ክረምቱ አበቃ ብላችሁ አትርሱት፤ በጋው መሃልም ዝናብ ይጥላል።